ከመፍታት በፊት መለካት፦ የብስክሌት ዕቃ ወደ ባለ ሁለት ሞላ ፍሬም ስለማዛወር



በካኩማም ሆነ በካሎበዬ ብስክሌት የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። ውሃ በጀሪካን ይጫንበታል፣ ከራሽን መልስ ዱቄቱና ዘይቱ ይታሰርበታል፣ ልጅ ትምህርት ቤት ይደርስበታል፣ ሰው አፈናጥጦ የዕለት ሳንቲም የሚያገኝበትም አለ። ስለዚህ ብስክሌት ሲሰበር የሚቆመው ጎማ ብቻ አይደለም፤ የቤት ወጪም አብሮ ይቆማል።

የብስክሌት ነገር ሲነሳ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። «ፍሬሜ ብየዳው ላይ ተሰንጥቋል። ጎማው፣ ማርሹ፣ ፍሬኑ ግን ደህና ነው። ገበያ ላይ ደግሞ ፊትም ኋላም ሞላ ያለው ባዶ ፍሬም በርካሽ አገኘሁ። እሱን ገዝቼ ዕቃዬን ባዛውርበት አይሻልም?» የሚል። እውነትም ፍሬሙ ያምራል። ቱቦው ወፍራም ነው፣ ቀለሙ ያበራል፣ ወጣት ሲያየው ልቡ ይሄዳል።

መልሱ አንዳንዴ «አዎ»፣ አንዳንዴ ደግሞ «በፍጹም» ነው። የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ብስክሌቱ የሚሠራው ሥራና በሚሊሜትር የሚታወቀው ልክ። ሁለቱንም ገንዘብ ከኪስ ሳይወጣ ማወቅ ይቻላል። የሚያስፈልገው ማስመሪያ፣ ወረቀትና ትዕግስት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለብስክሌትም ይሠራል።

ባለ ሁለት ሞላ ሲባል ምን ማለት ነው?

የተራራ ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ፣ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ባላቸው አሮጌ ብስክሌቶች ቁልቁለት ከመውረድ የጀመረ ነው። ያን ጊዜ ሞላ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሮክሾክስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ ሞላነት ያለውን የፊት ፎርኬላ ለገበያ አቀረበ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከኋላም አሞርዛተር ያላቸው ፍሬሞች ተስፋፉ። ብዙም ሳይቆይ ከከባድ ብረት የተሠሩ ርካሽ አምሳያዎቻቸው ገበያውን ሞሉት። ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት በአብዛኛው ከእነዚህ ወገን ናቸው።

ተራ ፍሬም አንድ ወጥ ነው። ባለ ሁለት ሞላው ግን ለሁለት የተከፈለ ነው። የፊተኛው ክፍል መሪውንና ኮርቻውን ይይዛል፤ የኋለኛው ክፍል የኋላውን ጎማ ይይዛል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው እንደ በር ማጠፊያ የሚታጠፍ ፔርኖ ነው፤ በውስጡ ኩሽኔታ ወይም ቡሽ አለው። በመካከላቸው አሞርዛተሩ ይቆማል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ የኋለኛው ክፍል ይታጠፋል፣ አሞርዛተሩ ይጨመቃል፣ ተመልሶ ይዘረጋል።

ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ የቀረውን ሁሉ መረዳት ቀላል ነው፤ የኋለኛው ክፍል ይንቀሳቀሳል። ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ካቴናም ሆነ ካቮ ወይም ዕቃ መጫኛ፣ ያንን እንቅስቃሴ መቻል አለበት። ካልቻለ ይበጠሳል ወይም ይሰበራል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፦ ለምን ሥራ?

ሃያ ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው። ሁለት ጀሪካን 40 ኪሎ ሆነ። አንድ ሰው ከኋላ ቢፈናጠጥ ከዚያም ይበልጣል። ብላክ ማምባ የምንለው ባለ 28 ኢንች ከባድ ብስክሌት ይህን ሁሉ ችሎ የኖረው ፍሬሙ አንድ ወጥ ብረት ስለሆነና መጫኛው በቀጥታ ከኋላው ፔርኖ ጋር ስለሚታሰር ነው።

በባለ ሁለት ሞላ ፍሬም ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ተራውን መጫኛ አንዱን ጫፍ ከኮርቻው ቱቦ፣ ሌላውን ከኋላው ፔርኖ ብታስሩት፣ አንደኛው ጫፍ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይቆማል። መጫኛው ይጣመማል ወይም ብሎኑ ይበጠሳል። በኮርቻ ዘንግ ላይ ብቻ የሚታሰረው መጫኛ ደግሞ በአብዛኛው የሚችለው 10 ኪሎ ገደማ ነው፤ ግማሽ ጀሪካን ማለት ነው። በዚያ ላይ አሞርዛተሩ የተሠራው ለአንድ ሰው ክብደት ነው። አርባ ኪሎ ሲጨመርበት እስከ ታች ይጨመቅና ብረት ከብረት ይጋጫል፤ ፔርኖውም ቶሎ ይላላል።

ስለዚህ በግልጽ እንናገር። ብስክሌቱ ውሃ የሚጭን፣ ራሽን የሚያመጣ ወይም ቦዳ ቦዳ የሚሠራ ከሆነ ባለ ሁለት ሞላ ፍሬም አይግዙ። በነጻ ቢሰጣችሁም ለዚያ ሥራ አይሆንም። የተሰነጠቀው ፍሬም ብረት ከሆነ ጎበዝ በያጅ ዘንድ አስበይዱት፤ ወይም አንድ ወጥ የሆነ የብረት ፍሬም ፈልጉ። እንዲያውም ሙሉ ባለ ሁለት ሞላ ብስክሌት በእጁ ያለው ሰው ሥራውን በግልባጭ ቢያስበው ይሻላል፦ ጎማውን፣ ፍሬኑንና ማርሹን ፈትቶ ወደ አንድ ወጥ የብረት ፍሬም ማዛወር። ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ለዚያም ያገለግላሉ።

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን፣ ለምሳሌ ከካኩማ ካሎበዬ የሚመላለስ አስተማሪ፣ አስተርጓሚ ወይም ተማሪ፣ ጀርባው ላይ ከምትንጠለጠል ቦርሳ በቀር ሸክም ከሌለው፣ ባለ ሁለት ሞላ ፍሬም ሊጠቅመው ይችላል። ድንጋያማ መንገድ ላይ ወገብን ያሳርፋል፣ የኋላ ጎማውም መሬት አይለቅም። ለእንዲህ ያለው ሰው ጥያቄው ወደ ልክ ይሸጋገራል።

ፍሬሙን መመርመር

ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከተሰበረ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ቢሆንም ይበቃል። ማግኔቱ ፍሬሙን ከያዘ ብረት ነው፤ ካልያዘ አብዛኛውን ጊዜ አልሙኒየም ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተሰነጠቀ ብረት ይበየዳል። አልሙኒየም ግን ሌላ የብየዳ መሣሪያና ከብየዳው በኋላም የሙቀት ሕክምና ስለሚፈልግ በመንገድ ዳር ብየዳ የሚድን አይደለም። ስንጥቅ ያለበትን የአልሙኒየም ፍሬም ተዉት።

ስንጥቅ የሚደበቀው ብየዳ አጠገብ ነው። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ሦስት ቦታ እዩ፦ አሞርዛተሩ ከላይና ከታች የሚታሰርበትን፣ ሁለቱ ክፍሎች የሚገናኙበትን የፔርኖ ቤት፣ እና የፍሬሙን አንገት ከታች በኩል። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወይም በአንድ መስመር የተላጠ ቀለም ካያችሁ ተጠራጠሩ። ቀለሙ አዲስ ሆኖ ፍሬሙ አሮጌ ከሆነም «ምን ሸፍኖ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቀጥሎ የፊተኛውን ክፍል በአንድ እጅ፣ የኋለኛውን በሌላ እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። «ቋ ቋ» የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ቡሹ አልቋል። ቡሽ በቶርኖ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ የፔርኖው ቤት ራሱ ከሰፋ ግን ተስፋ የለውም።

አሞርዛተሩን በደረታችሁ ክብደት ተጭናችሁ ልቀቁት። ዘይት ካፈሰሰ ወይም ጨርሶ ካልተመለሰ ታሟል። አሞርዛተር በሁለት ቁጥር ይታወቃል፤ ከብሎን ቀዳዳ መካከል እስከ ብሎን ቀዳዳ መካከል ያለው ርዝመትና የሚጨመቅበት መጠን። ለምሳሌ 165 በ38 ሚሊሜትር፣ ወይም 190 በ50። ምትክ ሲፈለግ በዚያው ልክ መሆን አለበት። ረጅሙ ኋላውን ያነሳዋል፤ አጭሩ ጎማውን ከፍሬሙ ጋር ያጋጨዋል።

አንድ ምክር እንጨምር። አሞርዛተር ሁለት ዓይነት አለው፦ የሽቦ ሞላ ያለውና በአየር የሚሠራ። የአየሩ ቀላልና ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በጣም ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ልዩ ፓምፕ ይፈልጋል። በጎማ ፓምፕ ቢሞከር የሚፈለገው ግፊት ላይ አይደርስም፤ ቢደርስ እንኳ ፓምፑ ሲነቀል አየሩ ይወጣል። ያ ፓምፕ በአካባቢያችሁ ከሌለ ባለ ሽቦውን ምረጡ። አየር ያለበትን አሞርዛተር ደግሞ አየሩ ሳይወጣ ማንም እንዳይፈታው፤ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል።

መለካት ያለባቸው ስድስት ነገሮች

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ የሚባክነው። ብስክሌት ሁሉ አንድ ይመስላል እንጂ አይደለም። የድሮ ፍሬማችሁን ዕቃ ሳትፈቱ ለኩ፣ ጻፉ፤ ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ አዲሱን ፍሬም ለኩ።

አንደኛ፣ የጎማው ልክ። «26 ነው» ማለት አይበቃም። ጎማው ጎን ላይ እንደ 50-559 ያለ ቁጥር ተጽፏል። ሁለተኛው ቁጥር የቸርኬው ዲያሜትር በሚሊሜትር ነው። የተራራ ብስክሌት 26 ኢንች 559 ነው። 26 በ1 3/8 የሚባለው ግን 590 ነው፤ ሁለቱም «26» ይባላሉ፣ አይገጣጠሙም። የብላክ ማምባ 28 ኢንች ደግሞ 635 ነው። በ559 እና በ635 መካከል ከመሃል እስከ ዳር የ38 ሚሊሜትር ልዩነት አለ፤ ስለዚህ የማምባ ጎማ ለ26 ኢንች በተሠራ ፍሬም ውስጥ አይገባም። በቅርብ ዓመታት የተሠሩት ደግሞ 584 ወይም 622 ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ የኋላው ስፋት። ፔርኖው የሚገባባቸው ሁለት ጆሮዎች መካከል ያለውን ርቀት ከውስጥ በኩል ለኩ። በተለመደው የተራራ ብስክሌት 135 ሚሊሜትር ነው። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ሞዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ነው። አንድ ወጥ የብረት ፍሬም ሲሆን ፉንዲው ጥቂት ከፍቶ ወይም ጨቁኖ ያስገባዋል። በባለ ሁለት ሞላ ፍሬም ላይ ግን እንዳይሞከር! የኋለኛው ክፍል ሲጣመም የፔርኖው ቤት አብሮ ይጣመምና ኩሽኔታው ይበላል። አዳዲሶቹ ፍሬሞች ደግሞ 142 ወይም 148 ሚሊሜትር ሆነው ወፍራም ተሻጋሪ ፔርኖ ስላላቸው የድሮ ጎማ አይቀበሉም።

ሦስተኛ፣ የፎርኬላው አንገት። በፍሬሙ ውስጥ የሚያልፈው ቱቦ ውፍረቱ 25.4 ሚሊሜትር (አንድ ኢንች) ወይም 28.6 ሚሊሜትር (አንድ ከአንድ ስምንተኛ) ነው። ቀጭኑ ወፍራሙ ቤት ውስጥ ይወዛወዛል፤ ወፍራሙ ቀጭኑ ውስጥ አይገባም። የአዳዲሶቹ አንገት ከታች ይሰፋል። ርዝመቱንም ለኩ፤ አጥሮ የተቆረጠ አንገት አይቀጠልም። የፎርኬላው ቁመትም ዋጋ አለው። በ20 ሚሊሜትር የረዘመ ፎርኬላ የፊቱን ክፍል በአንድ ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ያጋድመዋል። ጥቂቱ ችግር የለውም፤ ሲበዛ ግን መሪው ይከብዳል፣ አንገቱም ይጎዳል።

አራተኛ፣ የፔዳሉ ቤት። ፔዳሎቹን የሚያገናኘው ፔርኖ የሚያርፍበት ቱቦ ስፋቱ 68 ወይም 73 ሚሊሜትር ይሆናል። በ73 ቤት የ68ቱ ዕቃ በደንብ አይቀመጥም። ጣሊያን ሠራሽ ከሆነ 70 ነው፤ ጥርሱም የተለየ ነው። የድሮዎቹ እንግሊዝ ሠራሽ ራሌ ብስክሌቶች በአንድ ኢንች 26 ጥርስ ሲኖራቸው ሌላው በብዛት 24 ነው፤ በግድ ከተጠመዘዘ የፍሬሙ ጥርስ ይበላና ፍሬሙ ይበላሻል። ቤቱ ጥርስ የሌለው ሰፊ ቀዳዳ፣ 51 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ፣ ያ ሁለቱ የፔዳል ክንዶች በአንድ ብረት ለተሠሩበት ርካሽ ዓይነት ነው። የተለመደው ዕቃ ያለ ማሸጋገሪያ አይገባበትም።

አምስተኛ፣ የፍሬኑ ቦታ። በቸርኬ ላይ የሚነክሰው ፍሬን ፍሬሙና ፎርኬላው ላይ ሁለት ሁለት ጉጦች ይፈልጋል። ዲስክ ፍሬን ከሆነ የፍሬኑ መያዣ ቦታ ፍሬሙ ላይ፣ የዲስኩ ማሰሪያ ደግሞ ሞዞው ላይ መኖር አለበት። ፍሬሙ ለዲስክ ብቻ የተሠራ ከሆነ ያላችሁ ጎማ ደግሞ ለዲስክ ካልሆነ፣ ፍሬም ብቻ ሳይሆን ሁለት ጎማም ልትገዙ ነው። የማምባ የዘንግ ፍሬን ጨርሶ ቦታ የለውም። በዘይት ከሚሠራው ዲስክ ይልቅ በካቮ የሚሠራው ለካምፕ ይመረጣል፤ ካቮ የትም ይገኛል። በዘይት የሚሠራ ከገዛችሁ ደግሞ ዘይቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ጎሚኒውን ያበላሸዋል።

ስድስተኛ፣ የኮርቻው ዘንግ። 25.4፣ 27.2፣ 30.9፣ 31.6 ሚሊሜትር እያለ ይሄዳል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ከታች ተቀርጿል። ካልተቀረጸ ወረቀት ዙሪያውን ጠምጥማችሁ ርዝመቱን ለ3.14 አካፍሉት። ዙሪያው 85.4 ሚሊሜትር ከሆነ 27.2 ነው፤ 99.3 ከሆነ 31.6 ነው። የፍሬሙን ቀዳዳ ለመለካት ደግሞ ጠንከር ያለ ወረቀት ጠቅልላችሁ ወደ ውስጥ ክተቱት፤ ራሱ ተዘርግቶ ግድግዳውን ሲይዝ የተደራረበበትን ምልክት አድርጉና አውጥታችሁ ለኩት። ሁለት አሥረኛ ሚሊሜትር ለሚያህል ክፍተት ከሶዳ ቆርቆሮ የተቆረጠ አንድ ዙር ይበቃል። ከዚያ ለሚበልጥ ግን የቆርቆሮ ክምር አይሆንም፤ ዘንጉ ይሰበራል፣ ሰው ይወድቃል። በአንዳንድ ባለ ሁለት ሞላ ፍሬሞች የኮርቻው ቱቦ አጭር ስለሆነ ረጅም ዘንግ ወርዶ አሞርዛተሩን ሊነካ ይችላል፤ ይህንንም እዩ።

ከእነዚህ ሌላ መሪው፣ ኮርቻው፣ ፔዳሉ፣ የማርሽና የፍሬን እጀታዎቹ ያለ ብዙ ችግር ይዛወራሉ። የማርሽ እጀታው ግን ከኋላው ጥርስ ቁጥር ጋር መስማማት አለበት፤ የ7 እጀታ ከ7 ጥርስ ጋር። የፊቱ ማርሽ ቀያሪ በብዙ ባለ ሁለት ሞላ ፍሬሞች ላይ የሚታሰርበት ክብ ቱቦ አያገኝም። አትጨነቁ፤ አንድ የፊት ጥርስ ብቻ አድርጋችሁ በኋላዎቹ ሥሩ። ለሜዳማው ለእኛ አገር መንገድ ያ በቂ ነው፣ የሚበላሸውም ዕቃ ይቀንሳል።

የካቴናው ርዝመት

ባለ ሁለት ሞላ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በተራ ፍሬም ከፔዳሉ እስከ ኋላው ጎማ መሃል ያለው ርቀት አይለወጥም። በባለ ሁለት ሞላ ፍሬም ግን አሞርዛተሩ ሲጨመቅ በአብዛኛው ርቀቱ ይረዝማል። ብስክሌቱ ቆሞ ሳለ በልኩ የተቆረጠ ካቴና ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ያጥራል። ያኔ ማርሽ ቀያሪውን ገንጥሎ ጎማው ውስጥ ይከተዋል፤ ራጂውም ይበጣጠሳል። በአንዲት ቅጽበት ሦስት ዕቃ ይጠፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት የአሞርዛተሩን አንድ ብሎን ፍቱና የኋላውን ጎማ እስኪቆም ድረስ ወደ ላይ አንሱት። ርቀቱ ከሁሉ የሚበልጥበትን ቦታ ፈልጋችሁ በዚያው ያዙት። ካቴናውን በማርሽ ቀያሪው ሳታሳልፉ በትልቁ የፊት ጥርስና በትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ ጠምጥሙት። ከተገናኘበት ላይ ሁለት ዓይን፣ ማለትም አንድ ኢንች፣ ጨምራችሁ ቁረጡ። በዚሁ አጋጣሚ ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲነሳ የኮርቻውን ቱቦ እንደማይነካ እዩ። የሚነካ ከሆነ ቀጠን ያለ ጎማ ያስፈልጋል።

አንድ ለየት ያለ ዓይነት አለ። የፔዳሉ ቤት የተበየደው ከኋለኛው ክፍል ጋር ከሆነ ፔዳሉና ጎማው አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ርቀቱ አይለወጥም። በ1990ዎቹ የተሠሩ ብዙ ርካሽ ብስክሌቶች እንዲህ ነበሩ። ለእነዚህ የካቴና ችግር የለም። ማርሽ ሳይኖረው በአንድ ጥርስ መንዳት የሚፈልግ ሰው ከባለ ሁለት ሞላ ሊገዛ የሚችለውም ይህን ዓይነቱን ነው።

የካቴናው ውፍረትም ይለያያል። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ካቴና ሰፋ ያለ ስለሆነ በማርሽ ቀያሪ ውስጥ በደንብ አያልፍም። ከማምባ ላይ ፈትታችሁ አትግጠሙ።

ካቮውም እንዲሁ ነው። ከፊተኛው ክፍል ወደ ኋለኛው ሲያልፍ ሽፋኑ ጥቂት ቀስት ሠርቶ ላላ ማለት አለበት። ከተወጠረ፣ አሞርዛተሩ በተጨመቀ ቁጥር ማርሹ ራሱን ይቀይራል ወይም ፍሬኑ ሳትነኩት ይይዛል። ከድሮው ፍሬም የተፈታው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ያጥራል፤ አዲስ ሽፋን በሒሳብ ውስጥ አስገቡ።

ሞላው ለማን ክብደት ነው?

በሽቦው ሞላ ላይ እንደ 650፣ 750 ወይም 850 ያለ ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ሞላውን አንድ ኢንች ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ኃይል በፓውንድ ነው። ቁጥሩ ሲበልጥ ሞላው ይጠነክራል። የሚስማማችሁ መሆኑን ለማወቅ አሞርዛተሩን ማንም ሳይቀመጥ ለኩ፤ ከዚያ ተቀምጣችሁ ሌላ ሰው ይለካው። የሚጨመቅበት መጠን 38 ሚሊሜትር ከሆነ ስትቀመጡ 10 ወይም 11 ሚሊሜትር ቢወርድ ደህና ነው፤ ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ማለት ነው። ከዚያ ብዙ ከወረደ ሞላው ልል ነው። ጨርሶ ካልወረደ ደግሞ ትርፍ ብረት ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። ለአዋቂ የተሠራ ሞላ ለልጅ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ልጁ ቀላል ስለሆነ ሞላው አይነቃነቅም፣ የብስክሌቱ ክብደት ግን ይከብደዋል።

ሲፈታና ሲገጠም

ጥርሳቸው ወደ ተቃራኒው የሆነ ሁለት ቦታዎች አሉ። የግራው ፔዳል የሚላላው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። በተለመደው ባለ 68 እና 73 ቤት በካቴናው በኩል ያለው ክዳንም እንዲሁ ወደ ቀኝ ሲዞር ይላላል። ይህን ሳያውቁ በመዶሻ የተደበደቡ ብዙ ዕቃዎች አሉ። የፔዳል ክንድ በመንቀያው እንጂ በመዶሻ አይወጣም፤ መንቀያው ያለውን ፉንዲ ፈልጎ ትንሽ መክፈል ይሻላል። ብሎን ከመግባቱ በፊት ጥርሱን አጽድታችሁ ግራሶ ቀቡት። የተፈታውን እያንዳንዱን ዕቃ ከብሎኑና ከዳዶው ጋር በየላስቲኩ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አለዚያ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚፈተነው ፍሬኑ ነው፣ ፍጥነቱ አይደለም። እየገፋችሁ ያዙ፣ ከዚያ በቀስታ ንዱ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የአሞርዛተሩን፣ የፔርኖውንና የመሪውን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፤ አዲስ የተገጠመ ነገር ይላላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ፔርኖው ላይ አትቀቡ፤ የካኩማን አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይፈጫችኋል። ለእሾህ ግን ሞላም አያድንም። የማቴንጌ እሾህ ካላማዳሪያውን መብሳቱ አይቀርም፤ መለጠፊያችሁን አትርሱ።

ገበያ ላይ በምን ስም?

እኛ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው የመካኒክ ቃል አብዛኛው ከጣሊያንኛ የገባ ነው። እዚህ ያለው ሻጭ ደግሞ ስዋሂሊ ወይም እንግሊዝኛ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ብስክሌቱን «ባይስኬሊ»፣ ካቴናን «ምኞሮሮ»፣ ጎማን «ታይሪ»፣ ፍሬንን «ብሬኪ»፣ መሪን «ኡሱካኒ»፣ ኮርቻን «ኪቲ»፣ መፍቻን «ስፓና» ብላችሁ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የተለካውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ማሳየት ነው። ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም። የድሮውን ዕቃ ራሱን ይዞ ሄዶ እዚያው መግጠም ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

በመጨረሻ ሒሳቡ

አንድ ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በአንዱ በኩል የሚገጥመውን፣ በሌላው የማይገጥመውን ጻፉ። ከማይገጥመው አጠገብ ዋጋውን ጠይቃችሁ አስፍሩ፤ የፉንዲውን የእጅ ዋጋ፣ አዲስ ካቴናና የካቮ ሽፋንም ጨምሩ። ከዚያ ከፍሬሙ ዋጋ ጋር ደምሩት። የመጣውን ድምር የድሮውን ፍሬም ለማስበየድ ወይም አንድ ወጥ የብረት ፍሬም ለመግዛት ከሚያስፈልገው ጋር አወዳድሩ። ከትልልቆቹ ዕቃዎች፣ ማለትም ከፎርኬላ፣ ከጎማዎችና ከአሞርዛተር፣ ሁለቱ የማይገጥሙ ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ፍሬሙን ለሻጩ ተዉለት።

ይህን የምንለው ወጣቶቻችን ያማረ ነገር እንዳይነዱ ብለን አይደለም። ልኩ የገጠመ፣ ፔርኖው ያልላላ፣ ሞላው ለነጂው ክብደት የሆነ ብስክሌት በእጁ የገጠመ ልጅ ሙያም አብሮ ይይዛል፤ ነገ የሰፈሩ ፉንዲ ይሆናል። የምንለው ከዘመድ የተላከ ገንዘብ ወይም በስንት ወር ከኢንሴንቲቭ የተጠራቀመ ሽልንግ በአንድ ሚሊሜትር ስህተት ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ እንዳይሆን ነው። የቤቱ ብስክሌት አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ የአዲሱ ልክ እስኪረጋገጥ ድረስ የድሮው አይፈታ። ነገ ጠዋት ውሃ የሚቀዳው በእሱ ነውና።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።